ፉሪ ላይ ሰሜን የለም

ፉሪ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለኢያቄም፣

የጥምቀቱ በረከት ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ቤተልሄምም ደህና ናት፤ ሥራ ላይ ስለሆነች ይህን ስጽፍ አትሰማኝም።

የላክህልኝ የመንገድ ማጥኛ ጨዋታ ደርሶኛል። ኮምፒውተሬ በዚያ ጉንፋን የያዘው በሚመስል ድምፁ አነበበልኝ። «ቤት ነህ። በሩን ቤተልሄም ትከፍትልሃለች። ወደ ሰሜን መንገድ አለ» አለኝ። ጥሩ ነው ብዬ «ሂድ» ብዬ ጻፍኩ። «ወዴት?» አለኝ። «ወደ ታክሲ ተራ» አልኩት። «ይህን አቅጣጫ አላውቀውም» አለኝ። «ወደ ላይ» ብዬ ጻፍኩ። «እዚህ መሰላል የለም» አይለኝ መሰለህ! መሰላል ማን ጠየቀው? ከጠቅላላው ትክክል ሆኖ ያገኘሁት በሩን ቤተልሄም ትከፍታለች የሚለውን ብቻ ነው።

እኔ በሕይወቴ ሰሜን የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ስድስት ዓመቴ ላይ ኩፍኝ ዓይኔን ከወሰደው ጀምሮ ነፋስ ስልክን የዞርኩት በእግሬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ስልክ ሳገናኝ፣ ጠዋት ስወጣም ሆነ ማታ ስገባ ክንዴን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ቤቱ ፈርሶ ወደዚህ ከመጣን ሦስት ወር ሊሞላን ነው፤ ብቻዬን ግን ከግቢው በር አላለፍኩም። ከወጣሁ በቤቲ ክንድ ነው። ክንዱን ተይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወሬ ያወራል እንጂ መንገድ አያጠናም።

የቸኮልኩበትን ምክንያት ልንገርህ፤ ለእሷ እንዳትነግራት። ሐዋሳ ያለ አንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ኃላፊ ሊያደርጋት ይፈልጋል። መልስ መስጠት ያለባት እስከ መጋቢት ሠላሳ ነው። «አባዬን ለማን ትቼ?» እያለች ለጓደኛዋ ለኤሌኒ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ከዚያ ቀን በፊት ብቻዬን ታክሲ ተራ ደርሼ ብቻዬን ከተመለስኩ ትሄዳለች። ካልሆነ ትቀራለች፣ ያስቀረኋትም እኔ ነኝ። ይህን ተሸክሜ መኖር አልፈልግም።

ስለዚህ ሰሜንህን አንሣልኝና ሰው በሚሄድበት አቅጣጫ ሥራልኝ።

የእናትህ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ።

አጎትህ ደምሰው


ግዳንስክ፣ ጥር 21 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ደምሰው፣

ሰላምታዬ ከአክብሮትና ከናፍቆት ጋር ካሉበት ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፖላንድ በረዶው ገና ነው፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ስቄያለሁ፤ እውነቱን ልንገርዎትና ተናድጄያለሁም። ከሥራ መልስ አሥር ቀን የለፋሁበት ነገር ነው። እንደሚያውቁት በእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ውስጥ ስዕል የለም፤ ሁሉም በጽሑፍ ነው፣ ለእርስዎ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ቦታ እንደ አንድ ክፍል ይቆጠራል። አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው አቅጣጫ ነው። የምሠራበት መሣሪያ አሥራ ሁለት አቅጣጫ ይዞ ይመጣል፤ ሰሜንና ደቡቡ፣ ምሥራቅና ምዕራቡ፣ በመካከላቸው ያሉት አራቱ፣ ውስጥና ውጭ፣ ላይና ታች። ላይና ታች ያለው ለደረጃና ለመሰላል ነው፤ መሰላል ያለዎት ለዚህ ነው።

ሌላ አቅጣጫ መጨመር ይቻላል፤ ግን ቃሉን ጽፎ መተው አይደለም። ስሙን፣ ማሳጠሪያውን፣ ተቃራኒውን ማስታወቅ፣ ከዚያ በየክፍሉ እየገቡ ማገናኘት አለ። ስለዚህ ቀላሉ ሰሜንን መልመድ ነው። የግቢዎ በር የሚከፈተው ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ፀሐይ ቀኝ ጉንጭዎን ካሞቀችዎት ፊትዎ ሰሜን ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

ስለ መንገዱ ደግሞ አይስጉ፤ እያንዳንዱን ርቀት ለክቼዋለሁ። የቤቲን ጉዳይ በሆዴ ይዣለሁ።

እግዜር ከዘመን ዘመን ያሸጋግርልኝ።

ኢያቄም


ፉሪ፣ ጥር 23 ቀን 2017

ለኢያቄም፣

ሰላምህ ይብዛ። ተናደድኩ ማለትህን ወድጄዋለሁ፤ ከሚለሳለስልኝ ሰው የሚናደድብኝ ይሻለኛል። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ፀሐይህን ሞከርኩ። ትናንት በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቃት ደመና ነበር። ዛሬ ወጣች፤ የጎረቤቱ ፎቅ ጋርዷት ጉንጬ ላይ የደረሰችው ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታክሲ ልሳፈር ረፋድ ድረስ ፀሐይ ልጠብቅ?

እዚህ ሰፈር አቶ በንቲ የሚባል ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አለ። የተወለደው እዚሁ ነው፣ ፉሪ እርሻ ሳለ። ቤቲ እህል ስታስፈጭ አብሬያት ሄጄ «አቶ በንቲ፣ ሰሜን በየት በኩል ነው?» አልኩት። «ምነው ጋሽ ደምሰው፣ አውሮፕላን ልታበር ነው?» አለኝ። ከእኛ ቤት ታክሲ ተራ እንዴት ነው ስለው ግን አላሰበም። «ከቤትህ ዳገቷን ጨርስ፣ እኔ ጋ ስትደርስ አግድም ታጠፍ፣ በቃ አስፋልት ነው» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ለካ በጣቱ እየጠቆመኝ እስካይለት እየጠበቀ ኖሯል።

አየህ፣ ሰው የሚሄደው በዳገት፣ በቁልቁል፣ በአግድም ነው። ዳገት ጥጃዬ ላይ ይታወቀኛል፤ ቁልቁል ጉልበቴ ላይ። ሰሜን ግን የትም ቦታ አይሰማኝም። እነዚህን ሦስቱን ሥራልኝ። ከባድ ነው ብለኸኛል። እኔ ስልክ ሳገናኝ ሰው ደውሎ «ሒሳብ ክፍልን» ይለኛል፤ ቀዳዳውን ፈልጎ መሰካት የእኔ ሥራ ነበር። ደዋዩን አንተ መጀመሪያ የቀዳዳውን ቁጥር አጥና ብዬው አላውቅም።

ቀናችን እየሄደ ነው። በርታ።

አጎትህ ደምሰው


ግዳንስክ፣ የካቲት 19 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ደምሰው፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ በእርስዎ አግድም ነው።

ዳገትና ቁልቁል ወዲያው ገቡልኝ። ተቃራኒ መሆናቸውን አንድ ጊዜ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ በዳገት የወጡበትን ሁሉ ጨዋታው ራሱ በቁልቁል ይመልስዎታል። መመለሻውን እኔ መጻፍ የለብኝም፤ ራሱ ይሠራዋል። አግድም ግን ሊያሳብደኝ ደረሰ። ተቃራኒው ምንድን ነው ይለኛል። በአግድም ሄደው የሚመለሱት በምን ነው? በአግድም! ይህን አይቀበልም። «ስህተት፣ መስመር 47»። አስተካክላለሁ፣ «ስህተት፣ መስመር 47»። ሁለት ሳምንት ከዚህ መስመር ጋር ስጣላ አንድ ባልደረባዬ ምን እየሠራህ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አጎቴ ሰሜንን ስለማይፈልጉት ነው አልኩት፤ ቡናውን ይዞ ሄደ።

በመጨረሻ የአግድም ተቃራኒው ራሱ አግድም ነው የምልበትን መንገድ አገኘሁና ተቀበለኝ። አሁን ከቤትዎ «ዳገት» ብለው ወፍጮ ቤቱ ይደርሳሉ፤ «አግድም» ብለው አስፋልቱ ጋ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ «አግድም»፣ ከዚያ «ቁልቁል»፣ ቤት ገቡ። «ዳ»፣ «ቁ»፣ «አ» ብለው ቢያሳጥሩም ይገባዋል።

ቤቲ የመንገዱን ፎቶ ብታነሣልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዳታውቅ ስላሉኝ ተውኩት። ቢሆንም አይስጉ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ኢያቄም


ፉሪ፣ የካቲት 24 ቀን 2017

ለኢያቄም፣

እጅህ ይባረክ፤ አሁን የሰው ጨዋታ ሆነ። በአምስት ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ታክሲ ተራ ሄጄ ተመልሻለሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ። ቤቲ «አባዬ፣ ምን እየጻፍክ ነው ቀኑን ሙሉ?» ትለኛለች። ለኢያቄም ደብዳቤ እላታለሁ። «ይህን ሁሉ?» ትላለች።

ቅሬታ አለኝ። ወፍጮ ቤትህ ዝም ያለ ነው፤ የአቶ በንቲ ወፍጮ ግን ከሩቅ ይሰማል። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ደግሞ «ታክሲዎች ይታያሉ» ይለኛል። ለማን ነው የሚታዩት? «ይሰማሉ» በለው። ይህ ግን የሚያጣላን አይደለም።

ከነገ ወዲያ ረቡዕ ቤቲ የጠዋት ፈረቃ ናት። እወጣለሁ። ተመልሼ እጽፍልሃለሁ። መንገዱን ሁሉ አመቻችቶ ይጠብቀኝ ብለህ ጸልይልኝ፤ አንተ ጸሎት ከተውክ ቆይተሃል አሉ፣ ለእኔ ብለህ ቀጥለው።

አጎትህ ደምሰው


ግዳንስክ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ደምሰው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ረቡዕ አልፎ ሌላ ረቡዕ መጣ። እንዴት ሆነ? ደርሰው ተመለሱ? አንድ መስመር ትበቃኛለች። ወፍጮው አሁን ድምፅ አለው፤ ታክሲዎቹም «ይሰማሉ» ሆነዋል።

ኢያቄም


ግዳንስክ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017

ጋሼ፣

ለቤቲ ደወልኩላት። «አባዬ ደህና ነው፣ ተኝቷል» አለችኝ። በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። እርስዎ ቀን ተኝተው ሰምቼ አላውቅም። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ኢያቄም


ፉሪ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017

ለኢያቄም፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ይሻለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወፍጮ ቤቱ ቁልቁል ስወርድ ጨዋታህ ላይ ስንት መንገድ አለ? አንድ ነው አይደል? ሁለት ነው መሆን ያለበት። መሀል ላይ ሲደርስ ይከፈላል። አስተካክለው።

በግራ እጄ ብቻ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካለ እለፈኝ።

አጎትህ


ግዳንስክ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017

ጋሼ ደምሰው፣

ጉንፋን በግራ እጅ አያስጽፍም። ቤቲን ይዤ እስክትነግረኝ አልለቀቅኳትም። ሁሉንም ነገረችኝ። ሰው የጀመረው ቤት መሠረት ውስጥ ወድቀው ሁለት ሰዓት መቆየትዎን፣ የቀኝ እጅዎ አንጓ መሰበሩን፣ አቶ በንቲ እንዳገኙዎት። ጨዋታውንም ኮምፒውተርዎ ላይ ከፍታ አይታዋለች። «ኢያቄም፣ ይህን እየሠራህለት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሐዋሳዎቹም እምቢ ልትላቸው ነው።

የደበቅኩዎትን ልንገርዎ። ፉሪን አይቼው አላውቅም። ሀገሬን ከለቀቅኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የቤቲ እናት እትዬ ዘነቡ ሲያርፉ እንኳ አልመጣሁም። ለክቼዋለሁ ያልኩዎት ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ላይ ነው። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከላይ ሲታይ ቅጠል ብቻ ነው። ሲወጡ ሁለቱ መንገዶች ገጥመው አንድ ይሆናሉ፤ ሲወርዱ ግን አንዱ ሁለት ይሆናል። እኔ የመሄጃውን ብቻ ጽፌ መመለሻውን ራሱ ይሥራው ብዬ ተውኩት። ድካም ስለቀነሰልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ጨዋታውን ያጥፉት። እኔም በቃኝ። ቤቲ ትያዝዎት።

ኢያቄም


ፉሪ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ ለኢያቄም፣

ሰላምታውን በአጭሩ ልለፈው፣ ተናድጄያለሁና።

ፉሪን አይቼው አላውቅም ትለኛለህ። እኔስ አይቼዋለሁ? ስለ ዘነቡ ቀብር አሁን አታንሣብኝ፤ እሱን ስትመጣ ፊት ለፊት እንነጋገራለን፣ ቂምም አልያዝኩብህም። ቤቲ ትያዝዎት ያልከውን ግን አልምርህም። «ቁጭ በል» የማይለኝ አንድ ሰው ነበረኝ፣ አንተም አልክ።

የሆነውን ከእኔ ስማ። ስሄድ ምንም አልሆንኩም። ዳገቱን ጨረስኩ፣ ወፍጮውን ሰማሁ፣ አግድም ታጠፍኩ። የታክሲው ረዳት «ሃና! ሃና! አንድ ሰው!» ሲል ስሰማ እንባዬ መጣ። አንዱ «አባባ፣ ይገባሉ?» አለኝ። «አልገባም፣ ደርሻለሁ» አልኩት። ምን እንደገባው አላውቅም። ስመለስ ቁልቁለቱ መሀል ላይ እግሬ ሥር ያለው ነገር ተለወጠ። ኮብልስቶን የነበረው ገረጋንቲ ሆነ። እግሬ ነግሮኝ ነበር፣ ኢያቄም። መንገዱን እየጠገኑት ይሆናል አልኩና አለፍኩት፤ ጨዋታህ «ቁልቁል» ስላለኝ የገዛ እግሬን ትቼ ጨዋታህን አመንኩ። ስህተቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእኔ።

ጉድጓዱ ውስጥ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረ። አልደወልኩም። ለቤቲ ከደወልኩ ሐዋሳ ቀረ ማለት ነው ብዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ከሰው ሳገናኝ ኖሬ ለራሴ አንድ ስልክ መደወል አቃተኝ። በትሬን ፌሮ ላይ ስመታ ቆየሁ። ወፍጮው እየጮኸ ማን ይስማኝ? መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም ነው አቶ በንቲ የሰማኝ።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ጨዋታውን አላጠፋውም። መሀል ላይ ሁለት አዲስ አቅጣጫ አስገባልኝ፣ «ኮብል» እና «ገረጋንቲ»። ኮብል ወደ ቤት ነው፣ ገረጋንቲ ወደ ጉድጓዱ። ጉድጓዱንም አስገባው። የማልወድቅበት ጨዋታ ምንም አያስተምረኝም። ቤቲ እምቢ ልትላቸው ስልክ ስታነሣ «ወር ጠይቂያቸው!» ብዬ ጮህኩባት፤ ጠየቀቻቸው፣ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ሰጧት። ጊዜ የለንም።

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ።

ደምሰው


ግዳንስክ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ደምሰው፣

ለበዓሉ በጤና ያድርስዎ። እጅዎ እንዴት ነው?

ሠርቼዋለሁ። እያጉረመረምኩ ነው የሠራሁት፤ ይህንንም እንዲያውቁልኝ። ራሱ ይመልስ የነበረውን ነገር ከሥሩ ነቀልኩት። አሁን መሄጃው ለብቻው፣ መመለሻውም ለብቻው ተጽፏል። ኮብልና ገረጋንቲ ተቃራኒ የላቸውም፤ መሣሪያው ተቃራኒያቸውን ካልነገርከኝ ብሎ ሦስት ቀን አስቸገረኝ፣ የላቸውም አልኩት። የአቶ በንቲን ስልክ ከቤቲ ተቀብዬ እየደወልኩ በየእርምጃው ጠየቅኳቸው፤ እግራቸውን እየጎተቱ ምን እንደሚረግጡ ይነግሩኝ ነበር። አንዴ እንዲያውም «አንተ ልጅ፣ ወፍጮ አቁሜ ነው የምሄድልህ» ብለው ተቆጡኝ።

ጉድጓዱን ግን መጻፍ አቃተኝ። መጀመሪያ «በዚህ መሄድ አይቻልም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እንደሚሰድቡኝ ስላወቅኩ አጠፋሁት። እንግዲህ አስገብቼዋለሁ። በገረጋንቲ ከሄዱ ይወድቃሉ። «ጉድጓድ ውስጥ ነህ። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው» ይልዎታል። ከዚያ የሚያወጣዎት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ «ደውል»። ዳገት ቢሉ፣ ውጣ ቢሉ፣ ቢለምኑት አያወጣዎትም። እርስዎ ሰሜንን አልቀበልም እንዳሉት እኔም በዚህ አልደራደርም።

ኢያቄም


ፉሪ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017

ለኢያቄም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እጄ ተፈትቷል፤ በሁለት እጄ ነው የምጽፍልህ።

ጉድጓድህ ሲያበግነኝ ሰነበተ። ውጣ ብዬ፣ ዝለል ብዬ፣ ጩኽ ብዬ፣ «አቶ በንቲ» ብዬ ሁሉ ጻፍኩ። «ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው» ይለኛል። ኮምፒውተሩን ዘግቼው ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን «ደውል» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ። ይህን የምነግርህ እንድትደሰት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ለቤቲ «እወጣለሁ፤ ከተቸገርኩ እደውልልሻለሁ» አልኳት። የሆነ ነገር ልትል ነበር፤ ዋጠችው። «እሺ አባዬ» አለች። ዳገቱን ወጣሁ፣ አስፋልቱ ጋ ደረስኩ፣ ተመለስኩ። ወፍጮ ቤቱን ሳልፍ ከኋላዬ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። የቤቲ ቁልፍ ነው፤ ለስላሳ ጫማ አድርጋ ቁልፏን ኪሷ ውስጥ ረስታዋለች። ሃያ እርምጃ ያህል ትርቀኛለች። ከቤት ጀምሮ ተከትላኝ ኖሯል። ብስጭት አልኩ፤ ዞሬ ልጮህባት ፈለግኩ፣ ግን መንገዴን ቀጠልኩ።

የሚከፈልበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ቁልፉም ቆመ። ግራ እግሬን ወደ ፊት ሳብ አደረግኩት፤ ገረጋንቲ ነው። መለስኩት። አልተናገረችም፣ ኢያቄም። አንድ ቃል ብትተነፍስ እኮ ሁሉም አልቆ ነበር፤ ልጄ አፏን ይዛ ቆመች። ቀኝ እግሬን ሳብኩት፤ ኮብል ነው። ወረድኩ። ቤቴ ደርሼ በሩን ከፍቼ ገባሁና ሳልዘጋው ተውኩት።

ቆይታ ገባች። «የት ነበርሽ?» አልኳት። «ሱቅ» አለች። «ምን ገዛሽ?» አልኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ «አባዬ፣ ትልቁን ሻንጣ የት ነው ያደረግነው?» አለችኝ።

ነገ ትደውልላቸዋለች። ድካምህን እግዜር ይክፈልህ።

አጎትህ ደምሰው


ግዳንስክ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ደምሰው፣

ክረምቱን የበረከት ያድርግልዎ። ቤቲ ሐዋሳ ገብታ ፎቶ ልካልኛለች፤ ነጭ ጋወን ለብሳ ስትስቅ ነው። ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆናት አይደል? እርስዎ ግን ዝም አሉኝ። ይወጣሉ? ማን አለ አጠገብዎ? ጨዋታው ላይ ቅሬታ ከሌለዎት ሥራውን ልዘጋው ነው፤ ቅሬታ ሳይኖርዎት መቅረትዎን ግን አላምንም።

ኢያቄም


ፉሪ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ ለኢያቄም፣

ሰላም ካንተ ጋር ይክረም። እወጣለሁ፤ አትጨነቅ። በቀደም ታክሲ ተሳፍሬ ሃና ማርያም ተሳልሜ መጣሁ። ቀን ቀን የአቶ በንቲ ሚስት ብቅ ትላለች፣ ማታ ማታ ቤቲ ትደውላለች። ዝናቡ ግን አናዶኛል፤ ጎርፉ ገረጋንቲውን ኮብሉ ላይ ስለሚያመጣው አሁን ሁለት ጊዜ መፈተሽ አለብኝ። ጉድጓዱም ተደፍኖ ግድግዳ ቆሞበታል። ጨዋታው ላይ ግድግዳ አድርገው፤ «ደውል» የሚለውን ግን አታጥፋው።

አንድ ሌላ ስህተት አለ። ከሁሉም መጨረሻ ያደረግኩት ልጽፈው ስላልፈለግኩ ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩህም በእሱ ነው። ቤቲ ከሄደች ወዲህ መንገዱን ባውቀውም ጨዋታውን እከፍተዋለሁ። ታክሲ ተራ እሄድና በአግድም፣ በቁልቁል፣ በኮብል እመለሳለሁ። ስገባ «ቤት ነህ። በሩን ቤተልሄም ትከፍትልሃለች» ይለኛል። እንደገና ወጥቼ እንደገና እገባለሁ። ትናንት ስንት ጊዜ እንደገባሁ አልነግርህም።

ይህን መስመር ሳትነካው ብትተው ደስ ባለኝ ነበር። ግን አንድ ጊዜ የሌለውን አምኜ ወድቄያለሁ። ቤተልሄም ሐዋሳ ናት። አርመው። «ቤት ነህ። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው» በለው።

አጎትህ ደምሰው